ከጦሳ ሥር ያለ ቦረቦር፦ ከጥር እስከ ጥቅምት የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

ጥር 9

ዛሬ ሥራውን ጀመርኩ። ቦታው ከጦሳ ተራራ ሥር ነው። የአጎቴ ማሳ መሃሉ ላይ ያለበት አንድ ትንሽ ተፋሰስ። ጠርዝ ጠርዙን በጂፒኤስ ዞሬ ለካሁት፤ 38 ሄክታር ሆነ። ውሃው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ቦርከና ነው የሚገባው። ቦርከና ደግሞ ደሴን አቋርጦ በዶሮ መዝለያ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ አዋሽ።

እዚህ ያመጣኝ አንድ ስልክ ነው። ባለፈው ነሐሴ አጎቴ ደወሉ። «ና እስቲ ማሳዬን እየው። ባቄላው ከነአፈሩ ሄደ» አሉ። ስመጣ ቦረቦሩ፣ ጎርፍ የቆፈረው ጉድጓዳማ ቦይ፣ የማሳቸውን የታች ጥግ ገምሶ ወስዶታል። አራት እርምጃ በሦስት እርምጃ የሚሆን መሬት ነው። ማሳው ትንሽ ለሆነ ገበሬ ይህ ቀላል አይደለም። ላጽናናቸው ስል እሳቸው ቀደሙኝ። «አብሽር፣ የሄደውስ ሄደ። የሚቀጥለው ክረምት ነው የሚያስፈራኝ» አሉኝ።

ሙያዬ ቅየሳ ነው። መንገድና ሕንፃ እለካለሁ። ስለዚህ የምችለውን ላድርግ ብዬ ቅዳሜና እሁዶቼን ለዚህ ሰጠኋቸው። የማነሳው ጥያቄ አንድ ነው። ይህ ተዳፋት ከድሮው ይልቅ ተረጋግቷል ወይስ ተናግቷል? አጎቴ «ድሮ ይሻል ነበር» ይላሉ። ልጃቸው ደግሞ «ዛፉ እኮ በዝቷል፣ እርከኑም አለ» ይለኛል። ሁለቱም በዓይናቸው ያዩትን ነው የሚናገሩት።

ጥር 16

«መረጋጋት» የሚለውን ቃል በቁጥር የምይዝበት መንገድ ስፈልግ ሰነበትኩ። ያገኘሁት ከሩቅ አገር ነው። ኢጎር ሚኻል የተባለ የቼኮዝሎቫኪያ የሥነ ምህዳር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያቀረበው ቀላል ስሌት አለ። የአንድ አካባቢ መሬት ለሁለት ይከፈላል። በአንድ ወገን ራሱን ችሎ የሚቆመው አለ፤ ደን፣ ውሃ፣ ቋሚ ሣር፣ ግጦሽ፣ ረግረግ፣ የፍራፍሬ ቦታ። በሌላው ወገን ሰው ካልደገፈው የማይቆመው አለ፤ የሚታረስ መሬትና ግንባታ። የመጀመሪያው ስፋት ለሁለተኛው ይካፈላል።

ውጤቱ ከ0.10 በታች ከሆነ ተፈጥሮ ክፉኛ የተናጋበት ቦታ ነው። ከ0.10 እስከ 0.30 ከአቅሙ በላይ የተሠራበት ነው። ከ0.30 እስከ 1.00 ያለው መሬት አጥብቆ የሚታረስና ራሱን የመጠገን አቅሙ የደከመ ነው። ከ1.00 እስከ 3.00 ሚዛኑን ይዟል ይባላል። ከ3.00 ካለፈ ተፈጥሮ አመዝኗል።

በዚያ አገር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የገበሬው ትናንሽ ማሳዎች በኅብረት እርሻ ተጠቃልለው ነበር። ድንበሩ፣ ቁጥቋጦውና በመሃል የነበረው የሣር መስመር ተነሳ። ማሳው ረዘመ። ውሃ ሳይቋረጥ የሚሮጥበት መንገድ ሲረዝም ደግሞ ጎርፍ ጉልበት ያገኛል።

ይህን ሳነብ የአጎቴ ድንበር ትዝ አለኝ። ልጅ ሆኜ ላም የምትታሰርበት ነበር፤ እኛም እላዩ ላይ እንተኛበት ነበር። አሁን ስንዝር ቀርቶታል። ማንም ተነስቶ «ድንበር ላፍርስ» አላለም። ከላይ ያለውም ከታች ያለውም በየዓመቱ አንዳንድ ትልም ወደ ውስጥ ይገባል። በቃ። 30 ዓመት ሲሆን ሣሩ አለቀ።

ጥር 24

ወሎ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ወዳጄ ሁለት የቆዩ የአየር ፎቶዎች ሰጠኝ። አንዱ በ1950 ዓ.ም. አካባቢ የተነሳ ነው፤ ሁለተኛው በ1978 ዓ.ም.። ሦስተኛውን፣ የአሁኑን፣ ከሳተላይት አወረድኩ። ኪው ጂአይኤስ በሚባለው የካርታ ሶፍትዌር አንዱን በሌላው ላይ ለመደረብ የማይንቀሳቀሱ ምልክቶች ያስፈልጉኝ ነበር። ሁለት ፈፋዎች የሚገናኙበትን ቦታ፣ አንድ ትልቅ ቋጥኝና የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ተጠቀምኩ። አንድ ቀን ሙሉ ፈጀብኝ።

የ1950ውን ፎቶ አትሜ ለአጎቴ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አደረጉና ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ በጣታቸው እየነኩ ማንበብ ጀመሩ። «ይሄ ጠቆር ያለው ክትክታ ነው። እዚህ ጋ ጅብ ስለሚያድር ከብት አናስጠጋም። ይሄ ደግሞ ወይራ ነበር፣ ሦስት ነበሩ።» እኔ እርሻ ብዬ የቀባሁትን 4 ሄክታር አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ አይታረስም ነበር። ግጦሽ ነው። አባቴ ናቸው መጀመሪያ ያስገቡት፣ ያውም እኔ ለአቅመ አዳም ከደረስኩ ወዲያ።» አረምኩት። ከላይ የተነሳ ፎቶ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ተሳስቼ እቀር ነበር።

የካቲት 1

ቁጥሮቹ ወጡ። በ1950 የሚረጋው ወገን 23 ሄክታር፣ የማይረጋው 15 ሄክታር። ሲካፈል 1.53። በ1978 የሚረጋው 9፣ የማይረጋው 29። ይህ 0.31 ነው። አሁን ባሕር ዛፍ 9 ሄክታር፣ ክልክሉ (ከብት እንዳይገባበት የተከለለው ቦታ) ውስጥ ያለ ቁጥቋጦ 4፣ ሣር 3፣ በድምሩ 16 ሄክታር። በሌላው ወገን እርሻ 17፣ ቤትና መንገድ 5፣ በድምሩ 22። ውጤቱ 0.73 ሆነ።

ስለዚህ በወረቀት ሲታይ የአጎቴ ልጅ ልክ ነው። ከ1978 ወዲህ መረጋጋቱ ከእጥፍ በላይ አድጓል።

ግን ቦረቦሩስ? በ1978ቱ ፎቶ ላይ ክር የመሰለች መስመር ናት። እዚያው ቦታ ላይ ዛሬ ሜትሮ ጣልኩ፤ ጥልቀቱ 4.2 ሜትር፣ የላይ አፉ 7 ሜትር ነው። መረጋጋት እየጨመረ ሲሄድ መሸርሸርም አብሮ የጨመረ ይመስላል። ማታ ደሴ ተመልሼ ስሌቱን ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ስህተት የለውም።

እንዲህ ያለ ነገር የገጠመኝ እኔን ብቻ አይደለም። ከእኛ በታች በቃሉ ወረዳ፣ በኮምቦልቻ ዙሪያ፣ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. የ1958 እና የ1986 የአየር ፎቶዎችን አነጻጽረው ነበር። ቁጥቋጦና ደን ቀንሶ፣ የተራቆተ መሬት ሰፍቶ አገኙት። የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክረሚ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተነሱ የወሎ ፎቶዎችን ይዞ ከዚያው ቦታ ቆሞ እንደገና አነሳ። በብዙ ቦታ ዛፉ በዝቶ ነው ያገኘው፤ የበዛው ግን በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ለሁለቱም ማስረጃው ፎቶ ነው። ልዩነቱ ያለው በተነጻጸረው ዘመንና «ዛፍ» በሚለው ቃል ውስጥ ነው።

የካቲት 8

አጎቴ ሲያገቡ፣ በ1968 ዓ.ም.፣ ከማሳው ዳር የተከሏት አንዲት ጥድ አለች። ሥሯ ተራቁቷል። ስትተከል አፈሩ የደረሰበት ምልክት ከአሁኑ መሬት በላይ 29 ሴንቲ ሜትር ነው። ጥድዋ ወደ 50 ዓመት ትጠጋለች። ስለዚህ በአማካይ በዓመት 6 ሚሊ ሜትር ገደማ አፈር ከዚያ ቦታ ሄዷል ማለት ነው። ግንዱ ሲወፍር ሥሩን ትንሽ ወደ ላይ ስለሚያነሳ ቁጥሩ ትንሽ ተጋንኖ ሊሆን ይችላል። 6 ሚሊ ሜትር ትንሽ ይመስላል። በአንድ ሄክታር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር አፈር ግን 10 ሜትር ኩብ ነው፤ ሲመዘን ወደ 12 ቶን ይመጣል።

ከጥድዋ ሥር ተቀምጠን አጎቴ ዘመኑን ቆጠሩልኝ። በ1965ና በ66 ድርቅ ሰው ያለውን ሸጠ፣ ያልሸጠውን ቆርጦ ሸጠ፤ እንጨቱ የሄደው ያኔ ነው። በደርግ ጊዜ በስንዴና በዘይት ክፍያ እርከን ተሠራ። እሳቸውም ድንጋይ ተሸክመዋል። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ብዙ ቦታ ዛፉ ተመነጠረ፤ አንዳንዱ እርከንም ፈረሰ። «ያስገደዱን ስለነበር ነው» አሉ። «የኔ ነው ብሎ የሠራው ሰው አልነበረም። የማሳዬን ግን አላፈረስኩም።» እውነትም አሁን ማሳቸው ላይ ያለው ካብ የዚያን ጊዜው ነው፤ በላዩ ላይ ሦስት ጊዜ ጨምረውበታል።

ይህን ሁሉ ሰምቼ ስመለስ አንድ ነገር ገባኝ። የ1978ን የመረጋጋት ቁጥር ከ1978 ቦረቦር ጋር፣ የዛሬን ከዛሬው ጋር ነበር የማነጻጽረው። ቦረቦር ግን እንደዚያ አይቆጠርም። ዛሬ የምለካው 4 ሜትር ጉድጓድ የተጀመረው ተዳፋቱ 0.31 ላይ በነበረበት ዘመን ነው። አንዴ ውሃው መንገድ ካገኘና የቦረቦሩ ራስ ገደል ከሆነ፣ ከላይ ያለው መሬት ቢያገግምም ራሱ እየፈረሰ ወደ ላይ መሄዱን አያቆምም። እኛ የምናየው የአባቶቻችንን ጊዜ መራቆት ነው።

ይህ ግን ሁሉንም አይመልስም። ጥድዋ ያለችበት ማሳ ዳር ቦረቦር አይደለም፤ አፈሩ ዛሬም እየሄደ ነው።

የካቲት 22

ከደሴ ብዙም ሳይርቅ ማይባር ሐይቅ አጠገብ አንድ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1981 ነው የተቋቋመው፤ የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲና የግብርና ሚኒስቴር አብረው በሠሩት ፕሮግራም ውስጥ የመጀመሪያው ነበር። 113 ሄክታር የሚጠጋ ተፋሰስ ላይ ዝናብ፣ ጎርፍና ደለል እየተለካ ተመዝግቧል። ፕሮግራሙን የመሩት ሀንስ ሁርኒ የአሜሪካኖቹን የአፈር መሸርሸር ቀመር ለኢትዮጵያ ደጋ እንዲመች አድርገው አስተካክለውታል። ስለዚህ አገራችን በዚህ ጉዳይ የራሷ ቁጥሮች አሏት። ለእኛ ደግሞ የጎረቤት ቁጥሮች ናቸው።

ቀመሩ ለዝናቡ፣ ለአፈሩ፣ ለተዳፋቱ፣ ለርዝመቱ፣ ለሽፋኑና ለአስተራረሱ አንድ አንድ ቁጥር ይሰጣል። ለአጎቴ ማሳ ሠራሁት። ዝናቡን 1200 ሚሊ ሜትር ያዝኩ። በ0.562 ተባዝቶ 8.12 ሲቀነስ የዝናቡ ኃይል 666 ይሆናል። አፈሩ ቡናማ ስለሆነ 0.20። ተዳፋቱ 30 በመቶ ነው፣ 3.0 ይሰጣል። ርዝመቱ 20 ሜትር፣ 1.0። ጤፍ ከተዘራ የሽፋን ቁጥሩ 0.25 ነው። አግድም ስለሚያርሱ 0.90። ሁሉም ሲባዛ በዓመት በሄክታር 90 ቶን ይወጣል።

ያንኑ መሬት በሐሳብ ለወጥኩት፤ ስለማይታረስ 0.90ው ይቀራል። ጥቅጥቅ ያለ ሣር ቢሆን የሽፋን ቁጥሩ 0.01 ነው፤ 4 ቶን ብቻ ይሄዳል። ተግጦ ያለቀ ሣር ቢሆን 0.05 ነው፤ 20 ቶን። ጥቅጥቅ ያለ ደን ደግሞ 0.001፤ ከግማሽ ቶን በታች።

እዚህ ላይ ቆምኩ። ጥሩው ሣርና የተጋጠው ሣር በመረጋጋት ስሌቱ ውስጥ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም «የሚረጋ» ተብለው ይቆጠራሉ። በአፈር ግን አንዱ የሌላውን አምስት እጥፍ ይለቃል። የእኔ 0.73 ውስጥ ስንቱ ነው የምር የሚረጋው?

የአጎቴ እርከንም በቁጥር ይታያል። ርዝመቱ 10 ሜትር ላይ ሲቋረጥና ከካቡ ጀርባ አፈር እየሞላ ተዳፋቱ ወደ 20 በመቶ ሲላላ 90 የነበረው ወደ 46 ይወርዳል። ሦስት ጊዜ ካብ የጨመሩት በከንቱ አልነበረም። ማሳው ላይ ያለውን ጠጠርም አይለቅሙም። «ለአፈሩ ጋቢው ነው» ይላሉ። ቀመሩም ያምናቸዋል፤ ድንጋይ ማሳውን 40 በመቶ ከሸፈነው መሸርሸሩን በአምስተኛ ይቀንሰዋል።

መጋቢት 7

ችካል ተከልን። ባለ 8 ፌሮ ገዝቼ ግማሽ ግማሽ ሜትር አስቆረጥኩ፤ 24 ፍሬ። በእያንዳንዱ ላይ ሮንዴላ (መሃሉ ቀዳዳ የሆነ የብረት ቀለበት) አስገብተን መሬቱን እንዲነካ አደረግን። አፈሩ ሲሄድ ሮንዴላው አብሮ ይወርዳል፤ ከፌሮው ጫፍ እስከ ሮንዴላው ያለው ርቀት ምን ያህል እንደሄደ ይነግራል። 6 እርሻ ላይ፣ 6 ክልክሉ ውስጥ፣ 12 ባሕር ዛፉ ሥር።

ባሕር ዛፉ ሥር 12 የሆነበት ምክንያት አለ። ዛሬ ከጥግ እስከ ጥግ ሄድኩበት። ከ9 ሄክታሩ 6ቱ እንደ ግቢ ተጠርጓል፤ ቅጠል አይታይም። እያንዳንዷ ጠጠር በራሷ የአፈር ምሰሶ ላይ ቆማለች፤ በዙሪያዋ ያለው አፈር ተመትቶ ሄዷል። ምሰሶዎቹ እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ። ዝናቡ ቅጠል ላይ ተጠራቅሞ ይወፍርና ከ10 ሜትር ከፍታ ባዶ መሬት ላይ ይወድቃል። ሥሩ ሣርና ቅጠል ከሌለ ዛፉ ራሱ ጠብታውን ያወፍረዋል እንጂ አያበርደውም።

መጋቢት 28

በልግ ጣለ። ጃንጥላ ይዤ ዝናቡ ላይ ወጣሁ፤ ያየሁት ነገር ከሁለት ወር ስሌት በላይ አስተማረኝ።

ከላይ በኩል ከዓመታት በፊት የተቆረጠ ፒስታ መንገድ አለ። የመንገዱ የጎን ቦይ የሦስት ፈፋ ውሃ ሰብስቦ በአንድ ቱቦ ወደ ታች ይለቀዋል። ከቱቦው አፍ እስከ ቦረቦሩ ራስ 60 ሜትር አይሞላም። በዙሪያው ያለው የቤት ቆርቆሮ ሁሉ ውሃውን ወደዚያው ቦይ ነው የሚሰጠው። ዝናቡ በጀመረ በአሥር ደቂቃ ቱቦው ቡናማ ውሃ ይተፋ ጀመር። ክልክሉ በኩል ግን ምንም የሚወርድ ውሃ አልነበረም።

ቤት ገብቼ መንገድ ሥራ ላይ በምንጠቀምበት ስሌት ሞከርኩት። በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 5 ሄክታሩ ቤትና መንገድ በሰከንድ ወደ 580 ሊትር ውሃ ይለቃል። 4 ሄክታሩ ክልክል ደግሞ 130 ሊትር ገደማ። የመረጋጋት ስሌቱ የሚያየው ስፋትን ብቻ ነው፤ አንድ ሄክታር መንገድና አንድ ሄክታር ማሳ ለእሱ እኩል ናቸው። ውሃ ደግሞ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ሲወርድ ጉልበቱ ሌላ ነው።

ይህን ስጽፍ ስለ ሙያዬም ነው የምጽፈው። ብዙ ቱቦ ቀይሻለሁ። ሁልጊዜ የምንጨነቀው ውሃው መንገዱን እንዳይበላው ነው። ከቱቦው አፍ ወዲያ የማን ማሳ እንዳለ አልጠየቅኩም። ከእንግዲህ እጠይቃለሁ።

ሚያዝያ 19

ቅጠል የሚጠርጉትን እናቶች አነጋገርኩ። እኔ ሄጄ «አትጥረጉ» ብል ነውር ነው። ደሴ ውስጥ ስንት ምጣድ በዚያ ቅጠል እንደሚሰማ አውቃለሁ፤ የእናቴም አንዱ ነበር። አጎቴ ነገሩን ቅሬው፣ የመንደሩ ዕድር፣ ላይ አነሱት። ሽማግሌዎቹ፣ ሼሁና ሦስት ከጠራጊዎቹ እናቶች መጡ። ቡና ተፈላ።

አንደኛዋ እናት ቀጥ ብለው ጠየቁኝ። «ልጄ፣ ቅጠሉን ካልወሰድኩ እንጀራው በምን ይጋገራል?» ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሁሉንም ሳይሆን የመንገዱን ቦይ ተከትሎና ከቦረቦሩ ግራና ቀኝ 15 ሜትር ብቻ ሳይጠረግ ይቅር አልኩ። ይህ ሲለካ 2 ሄክታር አይሞላም። ተነጋገሩ። ሼሁ «መሬቱም የአላህ አደራ ነው፣ ምጣዱም» አሉ። በመጨረሻ ተስማሙ። በምትኩ ከክልክሉ የሚታጨደው ሣር በዓመት አንድ ጊዜ ለጠራጊዎቹም እንዲካፈል ተወሰነ። ይህ የእኔ ሐሳብ አልነበረም፤ ከእነሱ ነው የመጣው። ከኔውም ይሻላል።

ግንቦት 17

ሥራ የተጠናቀቀበት ሳምንት። ደቦ ወጥቶ በሦስት ቅዳሜ ይህን ሠራን።

ቱቦው አፍ ላይ ውሃው ሲወድቅ ጉልበቱን የሚሰብርበት ድንጋይ አነጠፍን። ከዚያ ውሃውን ለሁለት ከፍለን አንዱን በሣር በሚሸፈን ሰፊ ቦይ ወደ ክልክሉ መራነው። ለዚህ ቀበሌውን አስፈቅደናል። ቦረቦሩ ውስጥ አምስት የድንጋይ ክትር፣ ማለትም ጎርፉን የሚያግድ አጭር ግድብ፣ ሠራን። የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው እግር ጋር በውሃ ልክ እኩል እንዲሆን አድርገን አራራቅናቸው። መሃላቸውን ዝቅ አደረግን፤ ውሃው በጎን እንዳይሄድ። የቦረቦሩን ራስ አለዝበን ደሾ ሣር ተከልንበት። አጎቴ ደግሞ ማንም ሳይነግራቸው ድንበራቸውን አንድ ሜትር አሰፉ። ጎረቤታቸው ሁለት ቀን ቆይተው በበኩላቸው ግማሽ ሜትር ለቀቁ።

ሐምሌ 2

ሁለተኛው ክትር ሄደ። ትናንት ማታ የጣለው ዝናብ በጎኑ ዞሮ በላው። ጥፋቱ የኔ ነው። ክንፎቹን ወደ ግድግዳው ግማሽ ሜትር ማስገባት ነበረብን፤ እዚያ ጋ ቋጥኝ ስላጋጠመን 20 ሴንቲ ሜትር ላይ አቆምን። እኔም «ይበቃል» አልኩ። የአጎቴ ልጅ ዲጅኖ ይዞ ዛሬ ቋጥኙን ፈለጠው። እንደገና ሠራነው።

ከ24ቱ ችካሎች 5ቱ ተነቅለዋል። ፌሮ ገንዘብ ነው፣ ልጆች ወስደውት ይሆናል። የቀሩትን በእንጨት ምልክት አደረግን።

ሐምሌ 20

ማሳው አሁን በጣም የተጋለጠበት ጊዜ ነው። የበልጉ ገብስ ተነስቷል፣ መሬቱ ለጤፍ ደቋል፣ ቡቃያው ገና ነው፤ ዝናቡ ደግሞ የዓመቱ ከባድ። የመሬት አጠቃቀም ካርታ ይህን ወር አያውቀውም። በጥር የተነሳ ፎቶ ላይም በሐምሌ በተነሳው ላይም ያው «እርሻ» ነው። አጎቴ ግማሹን ማሳ ዘንድሮ ስንዴ አድርገውታል፤ ስንዴ እንደ ጤፍ መሬቱ እስኪልም መታረስ አይፈልግም። በቀመሩም የሽፋን ቁጥሩ 0.15 ነው፣ የጤፉ 0.25።

ጥቅምት 5

መሬቱ ጠንክሯል፤ ችካሎቹን አነበብን። እንዲህ ባለ መለኪያ ሚሊ ሜትርና ሁለት ሚሊ ሜትር ስህተት አይጠፋም፤ ስለዚህ አማካዩን ብቻ ነው የማምነው።

እርሻው ላይ አማካዩ 5 ሚሊ ሜትር ወርዷል። የተጠረገው ባሕር ዛፍ ሥር 4 ሚሊ ሜትር ወርዷል። ይህ ከእርሻው ብዙም አይሻልም። ቅጠሉ የተተወለት ባሕር ዛፍ ሥር ለውጡ ከስህተቱ ወሰን አይወጣም፤ ምንም አልሄደም ማለት ይቻላል። ክልክሉ ውስጥ በሁለት ችካል ላይ አፈር ጨምሯል፤ ከላይ የመጣው ደለል ሣሩ ውስጥ ቀርቷል።

አንድ ዓይነት ዛፍ፣ አንድ ዓይነት ተዳፋት፣ አንድ ዝናብ። ልዩነቱ መሬቱ ላይ የተኛው ቅጠል ብቻ ነው።

የቦረቦሩ ራስ ዘንድሮ 90 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ሄዷል። አምና ወደ 3 ሜትር ነበር የሄደው። ክትሮቹ ጀርባ ከ30 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ደለል ተኝቷል፤ ሁለተኛው ላይ ሣር በቅሏል። ቁጥሩ አስደስቶኛል፤ ግን የዘንድሮ ዝናብ ከአምናው ጋር እኩል ነበር ብዬ መማል አልችልም። አንድ ክረምት ነው።

ጥቅምት 19

ስሌቱን ያየሁትን ይዤ ደገምኩት። መጋቢት ላይ ተጠርጎ ያገኘሁትን 6 ሄክታር ባሕር ዛፍ ከሚረጋው ወገን አንስቼ ወደ ሌላው ወሰድኩ። የሚረጋው 10፣ የማይረጋው 28። ውጤቱ 0.36።

ከ1978ቱ 0.31 ብዙም ሳንርቅ ነው የቆየነው። ከላይ ሲታይ አረንጓዴ ነው፤ ሥሩ ሲገባ ግን ያው ነው። አጎቴም ልጃቸውም ልክ ነበሩ። አንደኛው ከላይ፣ ሌላው ከሥር ነበር የሚያዩት።

አሁን ሳይጠረግ የቀረው ወደ 2 ሄክታር የሚጠጋ ቦታ ወደ ሚረጋው ወገን ሲመለስ ቁጥሩ ወደ 0.46 ይወጣል። ይህ በቡና ላይ የተደረገ ስምምነት ያመጣው ነው። ከምንም ዛፍ ተከላ በፊት።

ማታ ቁጥሮቹን ለአጎቴ ነገርኳቸው። አዳመጡኝና «እና ሁለተኛው ክትር ላይ የበቀለውን ሣር ማን ነው የሚያጭደው?» አሉ። ለቅሬው አቅርበዋል። የፊታችን ዓርብ ይነጋገሩበታል። እኔ ቅዳሜ 5 አዲስ ፌሮ ይዤ እወጣለሁ፤ በዚህ ጊዜ ጫፉን አጥፌ፣ ለልጆቹም ምን እንደሆነ አሳይቼ ነው የምተክለው። ከመካከላቸው ሁለቱ ሜትሮ መያዝ እንደሚፈልጉ ነግረውኛል።